ማን ያስታጥበን?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ኮሮና ተገኘበት ተብሎ ከተነገረ ወዲህ፣ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ያህል የተደጋገመ መፈክር አላስታውስም። በየበሩ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ቆመ፣ ሳሙና ተንጠለጠለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ መጨባበጥም ተከለከለ። ደግ ነው። እኔን የሚያብከነክነኝ ምክሩ ሳይሆን ከምክሩ ኋላ ተከትሎ የመጣው ፍርድ ነው። ሰው ሲታመም፣ በተለይ ሲጠናበት፣ «ራሱን ቢጠብቅ ኖሮ!» እንላለን። በሽታው ቅጣት፣ ንጽሕናው ጽድቅ ሆኖ አረፈ።

እስቲ ነገሩን እንየው። እጅ መታጠብ ቫይረሱ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱን ይዘጋል። ከገባ በኋላ ግን እንደ ጉንፋን ያልፋል ወይስ ኦክስጅን ላይ ያስተኛል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት ዕድሜ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ናቸው። የኮሮና ዋና መንገድ ደግሞ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ በሳሙና አይታጠብም። ዴንማርካዊው ፒተር አቢ በጊኒ ቢሳው ኩፍኝን ሲያጠና፣ በሽታው በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ከወንድም ከእህት የተላለፈባቸው ሕፃናት ላይ እንደሚበረታ አስተዋለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ሲተነፈስ የሚወሰደው ቫይረስ ይበዛል ነው ሐሳቡ። ታዲያ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ የሚያድረውን ሰው ምን ብለን እንውቀሰው?

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚለው ስም ተጠቃልለዋል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው ብዙ ሰው የሚያርፈው እነዚሁ ዘንድ ነው። ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ አፍንጫ ሥር ናት፣ ግድቡ የተሠራው ግን ለአዲስ አበባ ነው። ሱሉልታ ውሃ በፕላስቲክ አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሏት፣ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ እናቶችም አሏት። ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ሰው በቀን አሥር አሥር ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቢታጠብ 25 ሊትር ይፈጃል። ይኼ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል፤ ወጡም፣ ልብሱም፣ ሕፃኑም ገና ይጠብቃሉ። ካንት የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ ግዴታ ያለ አቅም እንደማይኖር ነግሮናል። እናቶቻችን ካንትን ሳያነቡ ይኼን ያውቁታል።

በእኛ ባህል እንግዳን «ሂድና ታጠብ» ማለት ነውር ነበር። ማስታጠቢያው ይመጣል፣ ልጅ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያፈሳል፣ ፎጣውን ያቀብላል። መታጠብ ብቻችንን የምንወጣው ግዴታ አልነበረም፤ የሚያፈስልን ሰው ነበረው። አሁን ውሃውን የሚያፈሰው ማነው? ማዘጋጃ ቤቱ? ውሃና ፍሳሽ? ጲላጦስም እኮ እጁን ታጥቧል፣ ያውም በሕዝብ ፊት።

ይኼን ስል ማንንም ነፃ አላወጣሁም። ውሃው እየወረደለት ደንበኛውን በባዶ እጁ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጥ ምግብ ቤት ሰበታም፣ ቦሌም አለ። «ሳሙና የለም?» ስትለው «አልቆብናል፣ ጋሼ» ይልሃል፤ ሒሳቡን ግን አይረሳም። ወቀሳው እዚያ ቤት ቢያርፍ ቅር አይለኝም።