ያልመጣ ሰው ሌባ ነውን?

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ለለቅሶ ደጀን ሄጄ ሰነበትኩ። አጎቴን እግሩን አሞት ስለነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው የእድር ስብሰባ በእሱ ፈንታ ተቀመጥኩ። ከእድሩ ዕቃ ቤት አንድ የድንኳን ሸራና ሁለት ትልልቅ ብረት ድስቶች ጠፍተዋል። ቁልፉን በየተራ የሚይዙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ መጥተዋል፤ አንደኛው የለም።

«ንጹሕ ቢሆን ዛሬ እዚህ አይገኝም ነበር?» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው። ሌላው ቀበል አደረገና፣ ሰውየው ቀደም ሲል ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሶ እንደነበር አስታወሰን። (ድንበርና ድስት ምን እንዳገናኛቸው የጠየቀ የለም።) ዳኛው «የሚቃወም አለ?» ሲል ዝም አልን፤ ዝምታችን ስምምነት ተብሎ ተመዘገበ። ይሰረዝ ሲባል እጅ ወጣ። የኔም እጅ ወጣ። ይህ ሁሉ ሰው አይሳሳትም ብዬ ነበር።

ከእድር መሰረዝ ማለት ሲሞቱ ጡሩምባ የሚነፋ፣ ድንኳን የሚተክል ማጣት ነው።

በማግስቱ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። የሰረቀ ሰው ከስብሰባ ይሸሻል እንበል። ታዲያ ከስብሰባ የቀረ ሁሉ ሰርቋል? የታመመም ይቀራል፤ አረም የያዘውም ይቀራል። አጎቴም እኮ ቀርቷል! እንዲያውም ብልህ ሌባ ቀድሞ መጥቶ ከፊት ይቀመጣል። አርስጣጣሊስ ከ2300 ዓመት በፊት ከቆጠራቸው 13 የሙግት ስሕተቶች አንዱ ይኸው ነው። አመንዝራ ሌሊት ይዞራልና ሌሊት የዞረ ሁሉ አመንዝራ ነው እንደ ማለት ነው። ሰውየው በርግጥ ሰርቆ ቢገኝ እንኳ እኛ ያወቅነው ነገር አልነበረም፤ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ዒላማውን መታ ማለት ብቻ ነው።

ይህ አመል ከየት መጣ? በአፈርሳታ ጊዜ አገሬው ተሰብስቦ ሌባውን እስኪያወጣ አይበተንም ነበር፤ የቀረም ይቀጣል። ሌባሻይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል።

ነገር ግን አባቶቻችን «በላ ልበልሃ»ም ነበራቸው። ባላንጣዎች ፊት ለፊት ቆመው ይጠያየቃሉ፤ ተሟጋች ለቃሉ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ሲረታ ይከፍላል። በውርርዱ ዳኛውም ይጠቀም ስለነበር ሥርዓቱን ላሞካሸው አልፈልግም። ቢሆንም ሰው በቅሎውን ከማስያዙ በፊት ያወቀውን ከጠረጠረው ለመለየት ይገደድ ነበር። በደጀኑ ስብሰባ ግን መናገር በነጻ ነው። ያ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ አንዲት ዶሮ እንኳ አስይዝ ቢባል ኖሮ ያን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ይህ ለፍርድ ቤት የተጻፈ ነው፤ እድራችን ደጃፍ ላይ አልደረሰም።

ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረሰህ ልለው አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። በዚያውም ሰውየው ያን እሑድ ለምን ቀርቶ እንደነበር ጠየቅሁት።

«ማን ጠየቀው ብለህ ነው ልጄ?» አለኝ።