በወረርሽኝ ጊዜ አንዱን ሕሙም ስለ ሌላው መተው ይገባልን?

ወረርሽኝ በሀገር ላይ በወረደ ጊዜ በሹማምንትና በሐኪሞች ላይ ከባድ ፍርድ ይወድቃል። አልጋውም ሐኪሙም መድኃኒቱም ጥቂት ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ሁሉ ከአንዱ ደዌ ለመጠበቅ ይጣደፋሉ። በዚያን ጊዜ በሌላ ደዌ የተያዘው ሰው ምን ይሁን? ብዙኃኑን ለማዳን ሲባል ጥቂቱን መተው ይገባልን? ይህን ጥያቄ የመንግሥት ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ክርስቲያን ቢኖር፣ ስለ ባልንጀራው እንደሚጠየቅ የዘነጋ ነው።

ነገሩን ከቅርቡ ዘመን እንመልከተው። የኮሮና ደዌ በሀገራችን መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወዲያውም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ደዌ ሕሙማን ተለየ፤ ወሩም ሳይፈጸም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ይህ ሕይወትን ለመጠበቅ የተደረገ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ወረርሽኝ መጣ ብሎ የሳንባ ነቀርሳ አይታገሥም፤ ነፍሰ ጡርም የምጧን ቀን አታዘገይም። ከፍርሃት የተነሣ ከሐኪም ቤት የቀረ ሰው፣ ከወረርሽኙ ቢድን በቀድሞው ደዌው ቢሞት፣ ለልጆቹ ኀዘኑ ያው ነው።

እንግዲህ ማስቀደም ሌላ፣ መተው ሌላ መሆኑን እንለይ። የጠናበትን ማስቀደም የጥበብ ሥራ ነው፤ የቀረውን ከነጭራሹ መርሳት ግን ፍቅርን ማጉደል ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ያስተማረውን የደጉን ሳምራዊ ነገር ልብ እንበል። ቁስሉን በዘይትና በወይን አክሞ አሰረለት፤ በእንስሳው ጭኖ ወሰደው፤ በእንግዶች ማረፊያ አሳደረው፤ ሁለት ዲናር ከፈለለት፤ የጎደለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ሕክምናው፣ ጉዞው፣ ማደሪያው፣ ወጪውና ኋላ መጠየቁ በአንድ ፍቅር የተያያዙ ናቸው። ቁስሉን አስሮ በመንገድ ትቶት ቢሄድ ኖሮ ምን ይጠቅመው ነበር?

እንዲህ ያለው መያያዝ በሀገራችንም ምሳሌ አለው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና ጤናቸው የጸና ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚቀበሉበት ሥርዓት ከወረርሽኙ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በመከራው ጊዜ መንገዱ ቢጠብም መድኃኒቱ ከሕሙሙ ቤት አልታጣም። በ1990ዎቹ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ባለሙያዋን ከጤና ኬላ አውጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ ያደርሳታል። በሰላሙ ዘመን ያልተሠራ ድልድይ በጎርፍ ጊዜ አይሠራምና።

ቤተ ክርስቲያንስ ከዚህ ሥራ ትለያለችን? አትለይም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ የሕሙማንና የድኆች ማረፊያ ሠርቷል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪን መድኃኒት ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን አስተምረዋል። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ይመሰክራልና፣ ጠበሉና መድኃኒቱ የአንድ ቸርነት ሁለት እጆች ናቸው።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፣ የንስሓ ልጆቻችንን ቤት እናውቃለን። መድኃኒት ያቋረጠውን፣ ጠያቂ ያጣውን አረጋዊ፣ ቀኗ የደረሰውን ነፍሰ ጡር ለይተን ለጤና ባለሙያው እናመልክት። ምእመናንም የጎረቤታችሁን ደጅ አትርሱ። ወረርሽኝ አካልን ከአካል ያራርቅ ይሆናል፤ እኛ ካልፈቀድንለት ግን ሰውን ከሰው ፍቅር ሊለይ አይችልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።