ለልጃችን የከለከልነውን ለእንግዳ ማቅረብ ይገባልን?

ብዙዎቻችን የሞናኮን ስም የሰማነው በሩጫ ምክንያት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ገንዘቤ ዲባባ የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚያች አገር ስታዲዮም ነበርና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሌሎቻችን ደግሞ ስለ መኪና እሽቅድምድሟ ወይም በ1956 ልዑል ሬኒየን ስላገባችው አሜሪካዊት የፊልም ተዋናይት ስለ ግሬስ ኬሊ ሰምተናል። ስለዚህ ሞናኮን አንድ ቀን ለማየት የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። ምኞቱ ክፉ አይደለም፤ አገር ማየት አእምሮን ያሰፋል። ነገር ግን ዓይን ያየውን ልቡና ሊመረምረው ያስፈልጋል።

ሞናኮ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በፈረንሳይ ምድር የተከበበች፣ ስፋቷም ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነች አገር ናት። ከነጻ አገሮች መካከል በስፋት ከእርሷ የምታንሰው ቫቲካን ብቻ ናት። ጎብኚው በአንድ ወገን በዐለት ላይ የቆመውን የልዑሉን ቤተ መንግሥትና በ1910 የተከፈተውን የባሕር ሙዚየም ያያል፤ በወደቡም የባለጸጎች መርከቦች ተደርድረው ይታያሉ። ከወደቡ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ሞንቴ ካርሎ አለች፤ በዚያም ዝነኛው የቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ ቆሟል። ሕንፃው ያማረ፣ አትክልቱም የተዋበ ስለ ሆነ መንገደኛው ሁሉ በፊቱ ፎቶግራፍ ይነሣል።

እኛ ግን ጎብኚው በዚያ ደጃፍ አንድ ነገር እንዲያስብ እንወዳለን። ይኸውም የሞናኮ ዜጋ በዚያ ቤት እንዳይቆምር በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። ቤቱ አገሪቱን ያስጠራ ሆኖ ሳለ፣ የአገሪቱ ልጅ ከጨዋታው ጠረጴዛ እንዲርቅ ተደርጓል። ይህ እንዴት ሆነ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1848 ያመፁት ማንቶንና ሮክብሩን የተባሉ ሁለት ከተሞች በ1861 ፈጽመው ለፈረንሳይ ሲተላለፉ ሞናኮ አብዛኛውን መሬቷን አጣች። ለሕዝቡ መኖሪያ የሚሆን ገቢም ጠፋ። ፈረንሳይ በበኩሏ ከ1838 ጀምሮ የቁማር ቤቶቿን ዘግታ ነበርና፣ ልዑል ሣልሳዊ ሻርል በጎረቤት የተዘጋውን በር በአገሩ ከፈተ። በ1863 በጀርመን አገር በሆምቡርግ የቁማር ቤት ያቋቋመው ፍራንሷ ብላን ሥራውን ተረከበ፤ በ1868 ባቡር ገባ፤ ገንዘቡም ጎረፈ። በ1869 ልዑሉ ቀጥታ ግብርን ለሕዝቡ አነሣ። እንግዲህ እንግዳው በሌሊት የከሰረው ገንዘብ ለአገሬው የግብሩ ምትክ ሆነለት ማለት ነው። ለእውነት ስንል፣ ዛሬ የሞናኮ መንግሥት ከቁማር የሚያገኘው ከገቢው ጥቂቱን ነው። ሆኖም የሀብቱ መሠረት የተጣለው በዚያ ነው።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን ጥፋት አለበት?» ይል ይሆናል። አባት አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ገዛ ልጆቹ ነው፤ እንግዳውም ዐዋቂ ነው፤ ማንም ጎትቶ አላመጣውም፤ ያጠፋውም የራሱን ገንዘብ ነው ይላል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ድኻ ሕዝቡን የሚያበላበት መንገድ ያጣ ገዥ ላይ ጠግቦ መፍረድ ቀላል ነው።

ነገር ግን ክልከላው ራሱ ይመሰክራል። ቁማር ጉዳት የሌለበት መዝናኛ ቢሆን ኖሮ ለዜጋ ባልተከለከለ ነበር። ጎጂነቱን ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ጎጂነቱን ዐውቆ፣ ቤተሰቡን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ ለሌላው የሚያቀርብ ግን በሌላ ሚዛን ይመዘናል። ደግሞስ እንግዳው በፈቃዱ መጣ ቢባል፣ ሚስቱና ልጆቹ መች ፈቃዳቸውን ተጠየቁ? እርሱ በጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው የእነርሱንም እንጀራ ነው።

በዚያው ኮረብታ ግርጌ፣ በወደቡ አጠገብ፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በኮርሲካ ደሴት በሰማዕትነት እንዳረፈች የሚነገርላት የቅድስት ደቮታ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሕዝቡ ጠባቂዬ ይላታል፤ በየዓመቱ ጃንዋሪ 27 ቀንም በዓሏን ያከብራል። እርሷ የራሷን ሰጠች፤ ከላይ ያለው ቤት የሌላውን ይወስዳል። ሁለቱም በአንድ ዳገት ላይ አሉ።

ነገሩ የሞናኮ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በርበሬን ከሸክላ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ለቤቱ ንጹሑን ለይቶ ያስፈጫል። ቤቱን ለውርርድ ቤት የሚያከራይ ሰው የገዛ ልጁ በዚያ ደጅ ሲቆም ቢያይ ይቈጣል። ልጆቿን ለማሳደግ አረቄ የምታወጣ እናት አለች፤ በእርሷ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ልጇ እንዳይቀምስ ስትከለክል ግን ልቧ የሚነግራት ነገር አለ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ስለ እንጀራ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ስለ ጥንቃቄም ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ነጋዴ፣ ሹም ወይም ባለሙያ ስንሆን አንድ መለኪያ ይኑረን፦ «ይህን ለእናቴ ልጅ እሰጠዋለሁን?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አልሰጠውም» ከሆነ ለማናውቀውም ሰው አንስጠው። ይህ መለኪያ ትርፍ ያስቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም በድኽነት ያቆያል። እንዲህ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን። ነገር ግን የእንግዳው ልጅም እንደ ልጃችን የሚራብ ልጅ መሆኑን ካመንን፣ ለእርሱ የምንሰጠው ሌላ መለኪያ ከወዴት ይመጣል?