ባላየ ማለፍ

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል፣ አላየሁም ብሎ የሚምል ሰው። አይቼ ከሆነ ዓይኔ ይደፈን፣ እንደ ግንባር ቆዳ ብቻ ይሁን ማለቱ ነው። ከባድ መሐላ ነው። ብዙዎቻችን ግን እዚያ ድረስ አንሄድም፤ የቀለለ መንገድ አለን፤ ባላየ ማለፍ። የጎረቤት ቧንቧ ሲፈስ ባላየ እናልፋለን። ደረጃ ላይ ዕቃ የከበዳት ሴት ስትቆም ስልካችንን እናያለን። ዓይናችን አይቷል፤ ግን «አይቻለሁ» ብለን ስላልፈረምን ዕዳው እኛ ላይ የለም ብለን እናስባለን።

ይህ ጽሑፍ ስለ ጓሮ ተክሎች ፎቶ ነው። የሚያብሰለስለኝ ጥያቄ ግን ከዚያ መሐላ ጋር ዝምድና አለው፦ አንድን ነገር ደጋግሞ፣ አውቆ፣ መዝግቦ ማየት ግዴታ ያመጣል? ወይስ ማየት ማየት ነው፣ ማድረግ ደግሞ ሌላ?

አዲስ አበባ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ጓሮ፣ ሁለት መኪና ቢያቆም ነው። አንድ የኮክ ዛፍ አለ፤ ሁለት ጌሾ፤ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም፤ አንድ ሰው በልቶ ከጣለው ፍሬ የበቀለች የአቮካዶ ችግኝ፤ አጥሩ ሥር ሳማ፤ የቀረው ማንም ያልዘራው አረም ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ከልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ጫፍ ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ደንብ አለኝ። ቦታው አይቀየርም። ቢጫው ጀሪካን ፍሬም ውስጥ ከገባ ይገባል፣ አላነሳውም። «ዛሬ አያምርም» ተብሎ የሚዘለል እሁድም የለም።

ደንቡን ያመጣሁት ከሥራዬ ነው። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ሎግ የሚባል ነገር አለው፤ ሲስተሙ በየደቂቃው ምን እንደሆነ የሚመዘግብበት። ሲስተሙ ጤነኛ ሲሆን ብቻ የሚጽፍ ሎግ ዋጋ የለውም። ሎጉን የምትፈልገው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉ ነገር ሲወድቅ ነውና። ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ዜሮ እና ነል የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላሉ። የዝናብ መዝገብ ላይ «ዜሮ» ከተጻፈ ተለክቷል፣ አልዘነበም ማለት ነው። «ነል» ከሆነ ማንም አልለካም ማለት ነው። አብዛኛው የተፈጥሮ ፎቶ አልበማችን መስከረም ላይ ሞልቶ የካቲት ላይ ነል ነው። እያንዳንዱ ፎቶ እውነት ነው፤ ድምሩ ግን ይዋሻል።

ለምሳሌ አደይ አበባን እንውሰድ። አደይ በሳይንሱ ስም ባይደንስ ማክሮፕቴራ ትባላለች። አጥሬ ሥር በየዓመቱ የሚበቅለውና ሱሪ ላይ የሚጣበቀው የሰይጣን መርፌ፣ ጭጎጎት የሚሉትም አሉ፣ ባይደንስ ፒሎሳ ነው። የአክስት ልጆች ናቸው እንበል። ባይደንስ የሚለው ቃል በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ የመጣውም ከዘሩ ጫፍ ላይ ካሉት ሹል ነገሮች ነው። አንዷን ለዘመን መለወጫ እቅፍ አድርገን እንሰጣጣለን፤ ካርድ ላይ እንስላታለን። ሌላውን ነቅለን እንጥለዋለን። በእርግጥ ልዩነታቸው የሌለ አይደለም፤ የሰይጣን መርፌ አገሩ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ለገበሬውም አስቸጋሪ አረም ነው። ግን አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬም ውስጥ ስታያቸው፣ የምታደንቀው ተክሉን ነው ወይስ የተሰጠውን ስም የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የአደይ ቢጫ ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ግንድ፣ ጠቁሮና ተሰባብሮ፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። እሷ ግን የሚቀጥለውን መስከረም ያስቀመጠችው እዚያ የጠቆረው ራስ ላይ ነው።

የወቅቶቹ ስምም ራሱ ዓይናችንን ይመራዋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ነው፦ መጸው ከመስከረም 26፣ በጋ ወይም ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን የፈረንጁን የአበባ ወቅት «ጸደይ» ብለን ተርጉመን፣ ስሙን አምጥተን መስከረም ላይ ለጥፈነዋል። የእኛ አበባ የሚፈካው በመጸው ነው። መስከረም 26 የሚገባው ወርኃ ጽጌ እስከ ኅዳር 5 ድረስ አርባ ቀን ሲሆን፣ የሚታሰብበትም የእመቤታችን ስደት ነው። ይህ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። አገሩ ሁሉ አበባ በሆነበት ሰሞን፣ የሚታሰበው በረሃ ላይ የተጠማች እናትና ልጅ ናቸው። ያንን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች አበባንና ጥማትን በአንድ ፍሬም ማየት ችለው ነበር።

እኛ ግን ለያይተናቸዋል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ስልካችን አንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላዋል፦ ጎንበስ ያለ ሰው፣ ጭቃ የነካው ጫማ፣ ችግኝ፣ ፈገግታ። ፎቶው ውሸት የለበትም፤ ሰውየው በእውነት ተክሏል። ግን ሐምሌ ችግኝ የሚፈተንበት ወር አይደለም። ሐምሌ ላይ ደረቅ እንጨት ብትሰካ እንኳ የሚለመልም ይመስልሃል። ፈተናው ጥርና የካቲት ነው። ያንኑ ችግኝ፣ እዚያው ቦታ፣ የካቲት ላይ ያነሳ ሰው ስንት ይሆን? የተከልንበት ፎቶ ስለ እኛ ነው፤ የየካቲቱ ፎቶ ቢኖር ስለ ችግኙ ይሆን ነበር።

ተራ መዝገብ ዋጋ የለውም የሚል ካለ የኮንኮርድን ታሪክ ይስማ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የምትገኝ ከተማ ናት። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እዚያ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየዓመቱ የትኛው አበባ በየትኛው ቀን እንደፈካ ይመዘግብ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሪቻርድ ፕሪማክና አብርሃም ሚለር-ረሺንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ ከራሳቸው ምልከታ ጋር አስተያዩት። አበቦቹ በአማካይ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው እየፈኩ ነበር፤ አገሩ ሞቋል። ቶሮ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ምን አለ ብሎ ወጥቶ አየ፣ ጻፈ፣ ነገም ደገመው። በጣም ያማሩትን ቀናት ብቻ መርጦ ቢጽፍ ኖሮ መዝገቡ ለማንም አይጠቅምም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ቀላል ነው፤ በታማኝነት እይ ነው። ከዚህ በኋላ ይከብዳል።

ፈላስፋዋ አይሪስ መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ መጽሐፏ ውስጥ የታወቀ ምሳሌ አላት። ሰው በቂምና በጭንቀት ተወጥሮ በመስኮት ሲመለከት፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጭልፊት ያያል። ለጊዜው እኔ የሚለው ነገር ይጠፋል፤ ጭልፊቱ ብቻ ይቀራል። ወደ ራሱ ሲመለስ ያ ቂም ያነሰ ይመስለዋል። ለመርዶክ ይህ ሥነ ምግባር ነው፤ ከራስ ወጥቶ ሌላውን እንዳለ ማየት የመልካምነት መጀመሪያ ነው። እኔም አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ያጠራጥረኛል፤ ጭልፊቱ በርሮ ይሄዳል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለውን ሰው ምንም አይጠይቀውም። ጓሮ ያለ ተክል ግን የትም አይሄድም። በሚቀጥለው እሁድም እዚያው ነው፣ የባሰ ሆኖ።

ጥር ላይ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ ይቀራል። የአቮካዶዋ ችግኝ ቅጠሎች በመጀመሪያው እሁድ ቀና ብለዋል። በሁለተኛው ተንጠልጥለዋል። በሦስተኛው ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። እዚህ ጋ ሁለት ሐሳብ ተፋጠጠብኝ። ካጠጣኋት የምመዘግበው በጋው ያደረገውን መሆኑ ቀርቶ እኔ ያደረግኩትን ነው። ካላጠጣኋት ደግሞ ጥማትን በየሳምንቱ እየቆጠርኩ ቆሜ የማይ ሰው ነኝ።

አከራዬ ከኩሽናቸው በር ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ምንድነው እንዲህ በየሳምንቱ የምታነሳው ልጄ?»

«ተክሉ እንዴት እንደሚለወጥ ነው፣ እትዬ።»

«መጠማቱን ለማወቅ ፎቶ ያስፈልጋል?»

ጎመን ያጠቡበትን ውኃ በሳፋ ይዘው መጡና ግማሹን ችግኟ ሥር፣ ግማሹን ጤና አዳሙ ቆርቆሮ ላይ ደፉት። የዚያ እሁድ ፎቶ ላይ አፈሩ ጠቁሮ ይታያል።

ያ የጠቆረ አፈር መዝገቡን አበላሸው ወይ ብዬ አስቤበታለሁ። አላበላሸውም። ጓሮ ጫካ አይደለም። ጌሾው የተተከለው ጠላ ለመጥመቅ ነው፤ ጤና አዳሙ ለቡና ነው፤ አቮካዶዋ እንኳ የሰው ቁርስ ትርፍ ናት። የሰው እጅ ያልነካው ጓሮ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «እጄን ሳላስገባ እመለከታለሁ» የሚለው አቋም፣ ጓሮ ውስጥ ሲሆን ራሱ የተቀነባበረ ፎቶ ነው፤ እኔን ከፍሬም ያወጣ ፎቶ። ጀሪካኑን ላለማውጣት ደንብ ካወጣሁ ራሴንም ማውጣት የለብኝም።

«ኧረ ተክል ነው፣ ምን ይሰማዋል?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ልክ ነው፣ እንደ እኛ እንደሚሰማው የሚያሳይ ነገር የለኝም። ግን እኛ ቤት ግዴታ ሁልጊዜ ከስሜት አይመጣም። የሟችን አደራ የሚጠብቅ ሰው፣ ሟቹ ቢበላበት እንደማያውቅ ያውቃል። ቢሆንም አደራ በላ መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ ነው። ጓደኛዬ ይቀጥላል፤ «አደራ ሰጪ ያስፈልገዋል። አቮካዶዋን ማን አደራ ሰጠህ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ያገኘሁለት በሥራዬ በኩል ነው። የሲስተም ተረኛ ስትሆን ሌሊት ማንቂያ ይጮኻል። ማንቂያው ላይ «አይቻለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫነው ችግሩ አልተፈታም፤ የሆነው ነገር ቢኖር ማንቂያው ሌሎች ላይ መጮኹን ማቆሙ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ ያንተ ነው። ማንም በስም አልሰጠህም፤ የያዝከው አይቻለሁ በማለትህ ነው። በየእሁዱ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ ይመስለኛል። ያቺ ችግኝ ሦስተኛ ደረቅ ሳምንቷ መሆኑን በቀን ለይቶ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሰው የለም። አላፊ አግዳሚው ደረቅ ቅጠል አየ፤ እኔ ግን ከየት ተነስታ እዚህ እንደደረሰች አውቃለሁ። ባላየ የማለፍ መብቴን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት።

ይህ ማለት ያየሁትን ሁሉ አድናለሁ ማለት አይደለም። ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካኑ መጀመሪያ ለሚጠጣ ሰው ነው፤ ቀጥሎ ለማብሰያ፤ ተክል የሚደርሰው እጣቢው ነው። ይህንን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ የተፈጥሮ ፍቅር አይገባኝም። አጥሩ ሥር ያለውን የሰይጣን መርፌም አላጠጣውም፤ መንገድ ሲዘጋ እነቅለዋለሁ። ለእሱ ያለብኝ ትንሽ ነገር ነው፤ አልነበረም አለማለት። የአንዱ ድርሻ ውኃ ነው፤ የሌላው ድርሻ በመዝገቡ ላይ መኖር ብቻ። የትኛው ለየትኛው እንደሚገባ የሚነግረኝ ቀመር የለኝም። የሚነግረኝ በአመዛኙ መደጋገሙ ነው። ኮኩን ጥር ላይ ደረቅ እንጨት ብዬ ትቼው ነበር ማለት ይቻል ነበር፤ ግን የዚያን እሁድ ፎቶ ስታጎላው ባዶው ቅርንጫፍ ላይ እንቡጥ አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅጠል ሳይኖረው ሮዝ አበባ ለበሰ። ሊቆረጥ የሚገባውንና ሊጠበቅ የሚገባውን ለመለየት፣ አስቀያሚውን ሳምንት ማየት ነበረብኝ።

ቤቱ የኪራይ ነው። አንድ ቀን፣ ኪራዩ ሲጨምር ወይም ሥራ ሲቀየር፣ እወጣለሁ። ፎቶዎቹን ይዤ እሄዳለሁ፤ አቮካዶዋ ግን ትቀራለች። ከእኔ በኋላ ለሚገባው ተከራይ ሃምሳና መቶ የጓሮ ፎቶ ልላክልህ ብለው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ቁልፉን ሳስረክበው ከዚያ ሁሉ እሁድ የተረፈችኝን አንዲት ነገር እነግረዋለሁ፦ ጥር ሲገባ፣ ቅጠሏ ሳይንጠለጠል በፊት፣ የእትዬን የጎመን እጣቢ ተቀበላቸውና ሥሯ ድፋላት።