የልጁ ቀን በልጁ ልክ

ልጄ፣ የልጅሽን ሦስተኛ ዓመት ቤት ውስጥ ልታከብሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። አዳራሽ መከራየቱን መተውሽም ብልህነት ነው። ብቻ የቤት ድግስ ቀላል መስሎ ሳይታወቅ ይሰፋል። አንዷን ስትጠሪ እህቷ ትቀየማለች፤ የባልሽ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይጨመራሉ፤ በመጨረሻ ለልጁ ተብሎ የተጀመረው ለሰው ይሆናል። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ነገር ያዢ፦ ሰዓቱም፣ እንግዳውም፣ ምግቡም በልጁ ልክ ይሁን።

እኛ ስናድግ በየዓመቱ ልደት ማክበር አልነበረም። ለሕፃን የሚደገሰው ክርስትና ሲነሣ ነበር፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ያ ድግስ የዘመድ፣ የጎረቤትና የክርስትና አባት ነው፤ ሕፃኑማ ተኝቶ ይውላል። ዛሬም ብዙዎቻችሁ ልደትን የምትደግሱት በዚያው ልማድ ይመስለኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ተኝቶ አይውልም። ሁሉን ያያል፣ ይደክመዋል፣ ይከፋዋልም።

ቀኑ ሥራ ቀን ላይ ከዋለ ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጊው። ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ ቀኑ ይጠበቅ ቢባል በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው፤ ታዲያ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህ ወዲያ ቢል ምን አለበት? ሁዳዴ ውስጥ ከገባ ግን አስቢበት። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይጾምም ይዘውት የሚመጡት እናቶች ይጾማሉ። ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የሚጋገር የጾም ኬክ ዛሬ አይጠፋም፤ ሳምቡሳውም የምስር ይሁን። እንዲህ ስታደርጊ ሙስሊም ጎረቤቶችሽም አብረው ይበላሉ፤ ልጆቹን በሳህን አትለያዪያቸውም።

ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ልጁ ምሳውን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ይነሣ። ስትጠሪ የሚያልቅበትንም ሰዓት ንገሪ፤ እኛ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን የመናገር ልማድ የለንም። ኬኩ በ10 ሰዓት ይቆረስ፤ የዘገየ ሰው አይጠበቅ። አንድ ቤት ውስጥ አጎት እስኪመጣ ተብሎ ልጁ ኬኩ ፊት ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ጣቱን ወደ ክሬሙ በዘረጋ ቁጥር «ተው!» ይሉታል። አጎትዬው ደርሶ ሻማው ሲበራ፣ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ሲዘፍንለት፣ ደንግጦ እሪ አለ። ፎቶው ላይ የቀረው ለቅሶው ነው። ያንቺው ሲዘፈንለት ከደነገጠ እቀፊው፤ ሻማውን ሌላ ልጅ እፍ ቢልበትም አትቆጪ፣ መልሰሽ ለኩሺለት።

እንግዳውን በተመለከተ አምስት ስድስት ልጅ ይበቃዋል፤ አብሯቸው የሚጫወታቸውን እሱ ራሱ ይነግርሻል። ኮንዶሚኒየም ስለምትኖሪ ግን ሙዚቃ ሰምተው በር ላይ የሚቆሙ የግቢው ልጆች አይቀሩም። እነሱን እንዳትመልሺ፤ ለእነሱ የሚሆን ድፎ ዳቦና ሳህን ቀድመሽ አስቀምጪ። ቤት ውስጥ የምታግዝሽንም ልጅ ኬክ ሲቆረስ ጥሪያት፤ ወጥ ቤት ውስጥ እንዳትቀር። ባልሽም በዚያን ቀን እንግዳ አይሁን፤ ልጅ ማጫወቱን እሱ ይያዘው።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ያለ ፈንዲሻ ልደት አይሆንም እንደምትዪ አውቃለሁ። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ናቸው። እየሮጠ፣ እየሳቀ ሲበላ ትን ይለውና ያንቀዋል። ለትልልቆቹ ከሆነ ትንንሾቹ የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ፊኛ ሲፈነዳም ቁራጩን ወዲያው ልቀሙ፤ ልጅ አፉ ውስጥ ከከተተው እንደ ክዳን ጉሮሮውን ይዘጋል። ቡናው ይፈላ፣ ግን ልጆቹ ከሚሯሯጡበት ርቆ። ከሰሉ ያለው መሬት ላይ፣ ጀበናውም ልጅ እጁን በሚዘረጋበት ከፍታ ላይ ነው። መስኮትና በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ደግሞ ጭሱ ባይታይ እንኳ ይመርዛል።

ለጨዋታው ዲጄ አትቅጠሪ። ኩኩሉና አባሮሽ ይበቃቸዋል። ሲደክማቸው ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ተረት የሚያወራላቸው ሰው ይኑር። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ስንቱን ልጅ ያሳደጉት በተረት አልነበረም? ያንን ሥራ ለአያትየው ስጪ፤ ለሰውየውም ክብር ነው፣ ለልጆቹም ዕረፍት።

ስጦታ ሲሰጠው በሁለት እጁ ተቀብሎ እንዲያመሰግን አስለምጂው። እንግዳ ፊት ግን አትክፈቱት። የአንዷ መኪና፣ የሌላዋ ካልሲ ሆኖ ሲወጣ ካልሲ ያመጣችው ታፍራለች። የሰው ልጅ ፎቶም እናቱን ሳትጠይቂ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። እንደ ቤትሽ እንጂ እንደ ጎረቤትሽ አትኑሪ ተብሏል። የእቁብ ብር ለአንድ ከሰዓት አይበተንም፤ ዘንድሮ ያሰፋሽውን ድግስ ከርሞ ማጥበብ ደግሞ ይከብድሻል። ሳልጠራ ቀረሁ ብሎ የሚቀየም ዘመድ ካለ በማግስቱ ድፎ ቆርሰሽ፣ ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ያን ጊዜ ቅያሜው ይቀርና ምርቃት ይዘሽ ትመለሻለሽ።

እኔን ከጠራሽኝ ድፎውን እኔው ደፍቼ አመጣለሁ። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሳይነሣ እንግዳ እንደማይነሣ ታውቂያለሽ። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ልጁን መርቄ ነጠላዬን እለብሳለሁ፤ የቀሩትም እኔን አይተው ይነሣሉ።