በእናት ትእዛዝ የተነገረ ሐሰት

በሱዳን ምድር፣ በአንድ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከጉያዋ አውጥታ ትገፋዋለች። ከፊታቸው ቤተ እስራኤላውያን ወደሚወስዷቸው መኪኖች ለመሳፈር ተሰልፈዋል። ከእነርሱም መካከል ሐና የምትባል፣ ልጇ በዚያው ሰፈር የሞተባት ሴት አለች። የክርስቲያኗ ልጅ በሟቹ ቦታ ገብቶ፣ የሟቹን ስም ይዞ ይሄዳል፤ በሕይወትም ይተርፋል። የልጁ አእምሮ ግን ይህን ሁሉ አይደርስበትም፤ እናቱ የጣለችው ይመስለዋል።

ይህ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የቀረበውና በፈረንሳይኛ «ቫ፣ ቪ ኤ ዴቪያን»፣ በእኛ ቋንቋ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ልንለው የምንችለው ፊልም መነሻ ነው። አዘጋጁ ራዱ ሚሃይሌያኑ በሩማንያ ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው ነው፤ አባቱም ከናዚዎች ለማምለጥ ስሙን የለወጠ ስለ ነበር፣ ነገሩን ከሩቅ ሆኖ የጻፈ አይመስልም። በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም በዓል ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች በአንድነት የሚሰይሙት የዳኞች ጉባኤ ሽልማት ሰጥቶታል። እኛ ፊልሙን ያየነው ከጥቂት የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ጋር ነበር። ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዱ፣ «አባ፣ ይህች እናት ኃጢአት ሠርታለችን?» ሲል ጠየቀን። የዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ እኛንም አላረካንም፤ ስለዚህ በዚህ ገጽ ወደ ጥያቄው እንመለሳለን።

በቅድሚያ ስለ ታሪኩ እውነተኛ መሠረት ጥቂት እንበል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985) በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ወሬው ወደ ውጭ በወጣ ጊዜ በረራው ተቋረጠ። በእግር ጉዞውና በሰፈሮቹ ውስጥ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ያ ዘመን ለእኛም የታወቀ ነው፤ የ1977 ድርቅ የትኛውን ቤት አላንኳኳም? በፊልሙ ውስጥ ሕፃኑ እስራኤል ደርሶ ገላውን ሲያጥቡት፣ ውሃው በወለሉ ቀዳዳ ሲፈስ አይቶ እየጮኸ በእጆቹ ሊያግደው ይሞክራል። ይህን ሲመለከት እስቃለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ በወሎ ወይም በትግራይ ያልነበረ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ቅዱስ መጽሐፍን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ ሳይታየው አይቀርም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሁለት እናቶች በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ቆመዋል። አንድ ልጅ ሞቷል፣ አንድ ልጅ በሕይወት አለ፤ ሁለቱም በሕይወት ያለው የእኔ ነው ይላሉ። ንጉሡ እውነተኛዋን እናት የለያት በምን ነበር? ልጁ ከሚሞት ለሌላይቱ ይሰጥ በማለቷ ነው። ይህንን ልብ እንበል፤ ያቺ ሴት ያን ቃል በተናገረች ጊዜ ሐሰት እንዲጸድቅ ፈቅዳለች። ልጇ የሌላ ሴት ልጅ ተብሎ እንዲያድግ፣ የማያውቃትን እናት «እናቴ» እንዲል ፈቅዳለች። ንጉሡ ግን እናትነቷን ያወቀው በዚሁ ነው። በፊልሙም የሞተ ልጅና በሕይወት ያለ ልጅ፣ ሁለት እናቶችም አሉ፤ ስሙም ሳይቀር ሰሎሞን ነው፤ በእብራይስጥ አጠራር ሽሎሞ ይሉታል። ልዩነቱ፣ በሱዳን ሰፈር ልጁን ለእናቱ የሚመልስ ንጉሥ አለመኖሩ ነው።

ዘመቻው የተሰየመበት ሙሴም ቢሆን እንዲሁ ነው። እናቱ በቅርጫት አድርጋ ለወንዝ ሰጠችው፤ የፈርዖን ልጅ አነሣችው፤ እኅቱ እናቱን እንደ ማንኛዋም ሞግዚት አድርጋ አቀረበቻት። ሙሴ ያደገው ማንነቱ በተሸፈነበት ቤት ነው። ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን የወንድሙን ልብስ አልብሳ ወደ ዕውሩ አባቱ ስትልከው፣ እርግማን ቢመጣ በእኔ ላይ ይሁን ብላለች። ይሁን እንጂ ርብቃን ከእነዚህ እናቶች ጋር መደመር አንወድም፤ እርሷ የፈለገችው በረከትና ብኵርና ነው፤ የፊልሟ እናት የፈለገችው እስትንፋስ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ግን በዚህ ነገር ላይ ቀላል በር አልከፈቱልንም። ዮሐንስ ካስያን፣ አባ ዮሴፍ የተባለ የግብፅ መነኩሴ ሐሰትን ከመርዛም ዕፅ ጋር እንዳመሳሰለ ጽፎልናል፤ ለጤነኛ ሰው ገዳይ ነው፤ ሊሞት ለተቃረበ በሽተኛ ግን መድኃኒት ሊሆን ይችላል ይላል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በአንጻሩ ሐሰት ሁሉ ኃጢአት ነው ይላል። የግብፅ አዋላጆችን በሚመለከትም እግዚአብሔር የባረካቸው ስለ ምሕረታቸው እንጂ ስለ ሐሰታቸው አይደለም ሲል ያስተምራል። ነገር ግን አውጎስጢኖስን ጨካኝ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ይሳሳታሉ። በፅኑ የታመመ ሰው፣ አንድያ ልጁ መሞቱን ሳያውቅ «ልጄ በሕይወት አለን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል የሚለውን ምሳሌ ያነሣው እርሱ ራሱ ነው፤ በዚያም ላይ ልቡ እጅግ እንደሚታወክ አልደበቀም። ቅዱስ ቶማስ አኩይናስ ሌላውን ለመርዳት የተነገረ ሐሰት ቀላል ኃጢአት ነው ይላል፤ ቀላል ይሁን እንጂ ኃጢአት መሆኑን አልተወም።

በእኛ ዘመንም ቢሆን ነገሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በቁጥር 2483፣ ሐሰትን ሲተረጉም እውነቱን የማወቅ መብት ያለውን ሰው ማሳሳት እንደ ሆነ ይገልጽ ነበር። በዚህ ትርጉም ከሄድን መልሱ ፈጥኖ ይገኝ ነበር፤ የስም ዝርዝር የያዘው ጸሐፊ፣ ሕፃን ከሞት ማምለጡን ለመከልከል እውነቱን የማወቅ ምን መብት አለው? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የላቲን መደበኛ እትም ስለ መብት የሚናገረው ሐረግ ተነሥቷል። እውነትን ለሁሉ የመግለጥ ግዴታ እንደሌለብን የሚናገሩት ቁጥር 2488 እና 2489 ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ ዝም ማለት ይፈቀዳል፤ ሐሰት መናገር ግን ሐሰት ሆኖ ይቀራል። ይህ ለአስተማሪዎቻችን የማይመች ሊመስል ይችላል። እኛ ግን የሐረጉን መውጣት በመልካም እናየዋለን። ለችግረኛይቱ እናት የተከፈተውን በር ለመዝረፍ የሚቸኩሉ ብዙዎች ናቸውና።

በእኛ በኩል፣ ያቺን እናት ለመኰነን ድፍረቱም ፍላጎቱም የለንም። ሞት በፊቷ ቆሟል፤ ሌላ መንገድም አልነበራትም። የምናዝነው ለሌላ ነገር ነው። እርሷ የተናገረችው ሐሰት የአንዲት ደቂቃ ሐሰት ነበር። ልጇ ግን ያንኑ ሐሰት በየዕለቱ እየበላው፣ እየለበሰው፣ እየጸለየበት አደገ። ሐና ጥቂት ሳትቆይ በሳንባ ነቀርሳ ትሞታለች፤ ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው አይቀርም። ከዚያ ያኤልና ዮራም የተባሉ ባልና ሚስት ያሳድጉታል። ያኤል መልካም ሴት ናት። በትምህርት ቤቱ ያሉ ወላጆች ከልጁ በሽታ እንዳይጋባ ብለው ሲፈሩ በፊታቸው ፊቱን በምላሷ ትልሰዋለች። የትኛውም ልጅ ከዚህ የበለጠ ፍቅር አይመኝም። ታዲያ ልጁ ለምን ምግብ እምቢ ይላል? ለምን ጨረቃን እናቱ እንደ ሆነች አድርጎ ያነጋግራታል? እንደሚመስለን፣ ፍቅሩ ወደ ቤቱ የሚመጣው በሌላ ሰው አድራሻ ስለ ሆነ ነው። የተወደደው ሽሎሞ ነው፤ እርሱ ግን ሽሎሞ አይደለም። ሐሰት በሚዋሸው ሰው ላይ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለናል፤ የሚሰጠውን ፍቅር እንኳ የእኔ ነው ብሎ መቀበል አይችልም። ቄስ አምሃራ የተባሉት ሽማግሌ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ በአማርኛ ሲጽፉለት ብቻ ጥቂት ያርፋል።

ሽሎሞ አድጎ ሐኪም ይሆናል፤ ሣራ የምትባል ልጅም ያገባል። እውነቱን የነገራት ከጋብቻው በኋላ፣ ፀንሳ ሳለች ነው። ሣራ ትታው ትሄዳለች፤ የተቈጣችውም አይሁዳዊ ባለመሆኑ ሳይሆን፣ ያን ያህል ዓመት ስላላመናት ነው። በዚህ ስፍራ የእኛ ፍርድ ከሣራ ጋር ነው። በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ቁጥር 821፣ የጋብቻን ኑሮ በጽኑ ሊያውክ በሚችል ነገር ተታልሎ የገባ ሰው ጋብቻው እንደማይጸና ተደንግጓል። ሕጉ በእነርሱ ላይ እንደማይሠራ የታወቀ ነው፤ በውስጡ ያለው ማስተዋል ግን ለሰው ሁሉ ነው። ለድንበር ጠባቂ የተነገረ ሐሰትና ለሚስት የተነገረ ሐሰት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ጠባቂው ወረቀት ነው የጠየቀው፤ ሚስት የምትጠይቀው ሰውየውን ነው። ደግነቱ ሣራ ትመለሳለች፤ እርሱም ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን ሰፈር ሄዶ እናቱን ያገኛታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳናሳስብ ማለፍ አንፈልግም። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ ቤተ እስራኤላውያንን በጅምላ መጠርጠር ትልቅ በደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት አይሁድነታቸውን ተቀብሎ ሳለ፣ የሃይማኖት ባለ ሥልጣናት ግን በውሃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 መኸር ወቅትም በኢየሩሳሌም ለአንድ ወር ያህል በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። አባቶቻቸው ለዘመናት ስለ እምነታቸው መከራ የተቀበሉ ሰዎች፣ ማንነታችሁን አስረዱ ተባሉ። ሐሰተኛ ወረቀት አንድን ሰው ሲያሻግር፣ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው የሚያርፈው በእውነተኞቹ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በጥንት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ250፣ በንጉሥ ዴክዮስ ስደት ጊዜ፣ ለጣዖት ሳይሠዉ ሠውተናል የሚል የምስክር ወረቀት በገንዘብ የገዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። የካርታጎው ቅዱስ ቆጵርያኖስ ወረቀት ብቻ ነው ብሎ አልተዋቸውም፤ ከሠዉትም ጋር አልቈጠራቸውም፤ የእያንዳንዳቸው ነገር ለየብቻው እንዲመረመርና ንስሐ እንዲሰጣቸው አደረገ። በዘመናችን ወደ አረብ አገሮች ለመሄድ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን የሚለውጡ እኅቶች ጉዳይ ሲመጣብን፣ እኛም ከዚህ አባት የምንማረው አለ።

በአንድ ቁምስና ስናገለግል ሳለን አንዲት እናት ወደ እኛ መጣች። የልጅዋ ዕድሜ አሥራ ስድስት ነው። በጥምቀት ምስክር ወረቀቷ ላይ ሃያ ሁለት ተብሎ እንዲጻፍላት ለመነችን፤ ደላላው እንዲህ አድርጊ ብሏታል። እምቢ አልን። ዛሬም ብንጠየቅ እምቢ እንላለን። በሱዳን ሰፈር የተነገረው ሐሰት ልጁን ከሞት አውጥቶታል፤ ይህ ወረቀት ግን ለልጅነቷ የተሠራውን ጥበቃ ከላይዋ ይገፍፋል። ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አስረዳናት፤ ትክክልም ተናገርን። ከዚያ በኋላ በሩን ዘጋን። ቤት ውስጥ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ የሚበሉት እንዳላቸው አልጠየቅንም። ከቆጵርያኖስ ይልቅ የስም ዝርዝር የያዘውን ጸሐፊ መሰልን ብንል ራሳችንን በሐሰት መክሰስ አይሆንም።

ልጅቱ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ስም ሄደች። ከጥቂት ወራት በኋላ እናትየዋ ቅዳሴ ልታስቀድስላት ተመልሳ መጣች። በማን ስም እንደሚቀደስ ስንጠይቃት ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ፣ «አባ፣ በአዲሱ ስሟ ነው ወይስ በክርስትና ስሟ?» አለችን። አዲሱን ስም በአንደበቷ ልትጠራው አልፈለገችም፤ በብጣሽ ወረቀት አስጽፋ በመቀነቷ ቋጥራ ይዛዋለች። በመዝገቡ ላይ የክርስትና ስሟን ጻፍን። ብጣሹንም ወረቀት በመዝገቡ ውስጥ አኖርነው፤ ስለ ልጅቱ ወሬ ቢመጣ የሚመጣው በዚያ ስም ነውና።