ከመንገድ መመለስ ውርደት ነውን?

ሰው የጀመረውን ነገር ከፍጻሜ ሳያደርስ ሲቀር ይነቀፋል፤ ካሰበው ቦታ ሲደርስ ግን ይመሰገናል። ይህ ልማድ በየአገሩ የቆየ ስለ ሆነ ልጆቻችንን ስናሳድግ፥ ተማሪዎቻችንን ስናስተምር፥ በመሥሪያ ቤትም ሥራ ስናካፍል መጽናትን እናመሰግናለን፤ ማፈግፈግን እንነቅፋለን። መጽናት ታላቅ ጠባይ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መቀጠል ጥፋት፥ መመለስም ብልህነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህንም ጊዜ ለይቶ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ የምንመረምረው፥ በትናንሽ አይሮፕላኖች ከአገር ወደ አገር የሚበሩ ሰዎች የአየሩ ጠባይ ሲከፋ ከሚደርስባቸው ፈተና ተነሥተን ነው። በሌላ ሥራ ላይ ከዓመታት በኋላ የሚገለጠው የአሳብ ስሕተት፥ በአየር ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ይገለጣልና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በአሜሪካ አገር ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የሚበር ሰው ብዙ ነው። ነጋዴውም ሐኪሙም ገበሬውም ፈቃድ አውጥቶ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይበራል። ፈቃዱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ፈቃድ የሚበር ሰው መሬቱንና አድማሱን በዓይኑ እያየ መሄድ አለበት፤ ደመና ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። በደመናና በጉም ውስጥ ለመብረር የሚሻ ሰው በመሣሪያ ብቻ መምራትን ተምሮና ተፈትኖ ሌላ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። በመሣሪያ ብቻ መነሣት፥ መብረርና ማረፍ እንደሚቻል ጄምስ ዱሊትል የተባለ አሜሪካዊ መኮንን በ1929 ዓ.ም. ውጭውን እንዳያይ በተሸፈነ መቀመጫ ውስጥ ሆኖ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት ከራሱ ከሰው ተፈጥሮ የመጣ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ጥቃቅን ቦዮች አሉ፤ መዞራችንንና ማዘንበላችንን የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። አይሮፕላን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለጥቂት ጊዜ ሲዞር ግን ፈሳሹ ከቦዮቹ ጋር አብሮ መዞር ስለሚጀምር የመዞሩ ስሜት ይጠፋል። ነጂው አዘንብሎ እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አይሮፕላኑን በእርግጥ ቀጥ ባደረገው ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን የሚዞር ይመስለውና ወደ ስሕተቱ ይመለሳል። አድማሱን የሚያይ ዓይን ካለ ይህን ውሸት ያርመዋል። ጉም አድማሱን ከሸፈነው ግን ሰውየው በሙሉ ልብ የሚያምነው የገዛ ስሜቱ ወደ መሬት ይዞት ይወርዳል።

በ1954 ዓ.ም. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርመራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በመሣሪያ መብረርን ያልተማሩ 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው፥ የበረራ መምህር አጠገባቸው ተቀምጦ ደመና ውስጥ እንደ ገቡ ያህል ተፈተኑ። ሃያውም አይሮፕላኑን ከአደጋ ላይ አደረሱት፤ ለዚህም የፈጀባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሰኮንድ፥ ማለትም ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ነበር። ብዙዎች ይህን ቁጥር ብቻ ያስታውሳሉ። የምርመራው ዋና ዓላማ ግን እነዚሁ ሰዎች በመሣሪያ ተመርተው በዝግታ ዞረው ወደ መጡበት እንዲመለሱ ማስተማር ነበር፤ ትምህርቱንም ካገኙ በኋላ ይህን ለማድረግ ቻሉ። እንግዲህ ሊያድን የሚችለው ጥበብ የመመለስ ጥበብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

መመለስ እንዲህ የሚያድን ከሆነ ሰው ስለ ምን አይመለስም? ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ሰማይ ገና የጠራ ነው፤ ቤንዚኑም ይበቃዋል፤ አደጋውንም በትምህርት ቤት ሰምቶታል። አሜሪካውያን ነጂዎች ይህን ነገር በሽታ አስመስለው፥ «የመድረስ በሽታ» በሚል ዓይነት ቀልድ ይጠሩታል። እኛ ግን በቋንቋችን ይበልጥ የሚስማማ ቃል አለን፤ ይኸውም ይሉኝታ ነው። ነጂው ዝናቡን ከመፍራት ይልቅ የሚጠብቁት ሰዎች የሚሉትን ይፈራል። «ሠርጉ አመለጠው፤ ቀጠሮውን አፈረሰ፤ ፈርቶ ተመለሰ» መባልን ይፈራል። ለጉሙ ሦስት ደቂቃ የማይቆም ሰው ለዚህ ወሬ ሲል ወደ ጉሙ ይገባል።

በ1996 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የሆነውን እንመልከት። ጄሲካ ዱብሮፍ የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቷና ከበረራ መምህር ጋር በትንሽ ሴስና አይሮፕላን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ከካሊፎርኒያ ተነሣች። በየሚያርፉበት ጋዜጠኞች ይጠብቋቸው ነበር። በማግስቱ ጧት ከሻየን ከተማ ሲነሡ ዝናብና ነጐድጓድ ወደ ሜዳው ቀርቦ ነበር፤ አይሮፕላኑም ከሚገባው በላይ ተጭኖ ነበር። ሻየን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር የሚያልፍ ከፍታ ያላት አገር በመሆኗ በቀጭኑ አየር ምክንያት የሞተሩና የክንፉ ኃይል ይቀንሳል። እንደ ተነሡ ወዲያው ወድቀው ሦስቱም ሞቱ። የአሜሪካ መንግሥት የትራንስፖርት አደጋ መርማሪዎች ለአደጋው ከረዱት ምክንያቶች አንዱ፥ ለጋዜጠኞች በተሰጠው ቃል ጭምር የጠበበውን የጉዞ መርሐ ግብር ላለማፍረስ የነበረው ፍላጎት መሆኑን ጽፈዋል። ማንም ሰው እነዚያን መንገደኞች ሂዱ ብሎ አላዘዛቸውም። ግን የሚጠብቃቸው ዓይን እንደ ትእዛዝ ሆነባቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ ወር 1999 ዓ.ም.፥ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኬኔዲ ወደ ዘመዱ ሠርግ ለመሄድ ከኒው ጀርሲ በምሽት ተነሣ፤ ባለቤቱና እኅቷም አብረውት ነበሩ። ወደ 310 ሰዓት ያህል የበረራ ልምድ ቢኖረውም በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ ገና አልነበረውም። አንድ የበረራ መምህር አብሮት ለመሄድ ቢጠይቀው ብቻውን ማድረግ እንደሚፈልግ መመለሱ በምርመራው ተመዝግቧል። ከባሕሩ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ጨለማ፥ ውሃውም ጨለማ፥ በመካከሉም ጭጋግ ነበር። አቅጣጫው ተምታቶበት አይሮፕላኑ ከማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ከባሕር ገባ፤ ሦስቱም ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚጠቅም ነገር አለ። ኬኔዲ ሲነሣ የነበረው የአየር ሁኔታ በሕግ የተከለከለ አልነበረም። ሕግ ለሁሉ የሚሆን ዝቅተኛ ወሰን ይሠራል፤ የእያንዳንዱን ሰው ችሎታ፥ የዚያን ቀን ድካሙንና ጥድፊያውን ግን ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቅ ሰውየው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሕጉ አልከለከለኝም» የሚለው መልስ ከዳኛ ፊት ሊያድን ይችል ይሆናል፤ ከኅሊና ፊትና ከጭጋግ ፊት ግን አያድንም። ሕጉ ከሚያበቃበት የሚጀምር የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ድርሻ አለ።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «ሰው ሁሉ ደመና ባየ ቁጥር ቢመለስ ኖሮ ውቅያኖስን ማን በተሻገረ ነበር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ብቻውን ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ በአይሮፕላን በመጀመሪያ የተሻገረው ቻርልስ ሊንድበርግ ምን እንዳደረገ እንመርምር። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኒው ዮርክ ደርሶ ተወዳዳሪዎቹም ጋዜጠኞቹም እያዩት የአየሩ ጠባይ እስኪሻሻል ድረስ ቀናት ጠበቀ። በባሕሩ ላይ ደመና ውስጥ ገብቶ በክንፉ ላይ በረዶ መጋገር በጀመረ ጊዜ ደግሞ ዞሮ ወደ ጠራው አየር ወጣ፤ ከዚያም በደመናው ዳር ዳር እየሄደ መንገዱን ፈለገ። ከ33 ሰዓት በላይ በርሮ ፓሪስ ገባ። ዓለም በድፍረቱ ያመሰገነው ይህ ሰው መጠበቅንም መዞርንም ያውቅ ነበር። ከዚህም በላይ በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለችው ነፍስ የራሱ ብቻ ነበረች።

ሌላው ደግሞ «ቀኑ ያልደረሰ አይሞትም» ይል ይሆናል። ይህ ቃል ኀዘንተኛን ለማጽናናት የተነገረ እንደ ሆነ ክብር ይገባዋል። ከጉዞ በፊት ለግዴለሽነት ሽፋን ሲሆን ግን ስለ ቀናችን እርግጠኛ ነን ማለት ይሆናል፤ ቀኑን ደግሞ የሚያውቅ ማንም የለም። የማናውቀውን ነገር ምክንያት አድርገን፥ በዓይናችን የምናየውን ደመና እንዳላየን መሆን አይገባንም። አባቶቻችን «ከመሞት መሰንበት» ሲሉ የፈሪ ቃል መናገራቸው አልነበረም፤ የሰነበተ ሰው ሥራውን ነገ ሊፈጽም ይችላልና።

ወደ ጥያቄያችን እምብርት ስንደርስ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይታየናል። አንድ ሰው ለክብሩ ሲል የገዛ ነፍሱን ከአደጋ ላይ ቢጥል ልናዝንለት፥ ልንወቅሰው ወይም ልናደንቀው እንችል ይሆናል። ከኋላው የተቀመጠው መንገደኛ ግን ስለ ደመናው የሚያውቀው ነገር የለም፤ የነጂውን ፊት አይቶ ይተኛል። ይህን እንቅልፍ የሰጠው እምነት ነው። በሰው እምነት የራስን ስም መግዛት ደግሞ አደራ መብላት ነው። ስለዚህ ሌሎችን የያዘ ሰው ደፋር ለመባል መብት የለውም፤ ያለበት ግዴታ የያዛቸውን በደኅና ማድረስ ወይም በደኅና መመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ነጂውን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን ሙሉ አይሆንም። በየካቲት ወር 1959 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ አገር በዝነኝነቱ የታወቀው ዘፋኝ ባዲ ሆሊ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በተከራዩት ትንሽ አይሮፕላን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በበረዶ ተነሥተው፥ ብዙ ሳይርቁ ወድቀው ከነጂው ጋር አራቱም ሞቱ። ነጂው የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድም አልነበረውም። መርማሪዎቹ የነጂውን ውሳኔ ከነቀፉ በኋላ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ ይኸውም የአየሩ ጠባይ እንደሚከፋ የሚገልጹ ማስጠንቀቂያዎች ወጥተው ሳለ የአየር ጠባይ ሠራተኞች ለነጂው አለመንገራቸው ነው። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አልደረሰም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከዚህ ምን እንያዝ? ሁላችንም አይሮፕላን አንነዳም፤ ሁላችንም ግን ወይ ሰው ይዘን እንሄዳለን፥ ወይ የሚሄደውን እንጠብቃለን፥ ወይም መንገዱ ምን እንደሚመስል እንነግራለን። ሰው የያዘ ሁሉ፥ ከመነሣቱ አስቀድሞ፥ ልቡ ገና ሳይሞቅ፥ የሚመለስበትን ወሰን ይቁረጥ፤ ጉም ውስጥ ሆኖ የሚቆረጥ ወሰን የለምና። የመንገዱን ክፋት የሚያውቅ ሠራተኛ፥ የሚነግረው ወሬ የማያስደስት ቢሆንም ሳያዘገይ ይንገር። የሚጠብቅ ደግሞ፥ አለቃም ይሁን አባት፥ ሙሽራም ይሁን ወዳጅ፥ «ስለ ምን ዘገየህ?» ከማለቱ በፊት «እንኳን በደኅና ተመለስህ» ማለትን ይልመድ። ተመልሶ የመጣን ሰው በንቀት የተቀበልነው እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ጉም ውስጥ የሚያስገባው የእኛው ንቀት ይሆናል። ከመንገድ መመለስ ውርደት የሚሆነው እኛ ውርደት ስናደርገው ነውና፥ በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የክብር ቦታ እንስጠው።